የወንዝ ዳር ምሳ፤ ወንዙን ከማየት በፊት ማድ ቤቱን

የትምህርት ቤት መዘጊያ ወይም የዓመት ፈቃድ ሲደርስ ዘመድ ለመጠየቅና ልጆችን አገር ለማሳየት ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የሚጓዝ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። እናት ከመነሻው ቀን አስቀድማ ልብስ ታጥፋለች፤ አባት የመሳፈሪያውን ሂሳብ ያሰላል፤ ለዘመድ የሚወሰደው ስጦታም ይታሰባል። «በመንገድ ላይ የት እንበላለን?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይመከርበት ይቀራል። ልጆቹ ራበን ማለት ሲጀምሩ መኪናው ከመጀመሪያው ጥላ ሥር ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዕድል ይሆናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ሁሉ፣ በረሃብና በጥድፊያ የተመረጠ ምግብ ቤት የጉዞውን ደስታ ወደ ሕመም፣ የተቆጠበውንም ገንዘብ ወደ መድኃኒት መግዣ ሊለውጠው ይችላል።

በዚህ መንገድ ላይ ዓይንን ከሁሉ ይልቅ የሚስበው ከወንዝ ዳር ያለ ምግብ ቤት ነው። በመሆኑም በዛሬው ጽሑፋችን ከወንዝ ዳር ለመብላት የሚፈልግ ቤተሰብ ምን ምን ነገሮችን ማስተዋል እንደሚገባው እናነሣለን።

ወንዝ የበዛበት አገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወልቂጤ በኩል የሚያልፈው መንገድ የጊቤን ሸለቆ ወርዶና ወንዙን ተሻግሮ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ጅማ ይደርሳል። ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲታለፍ ደግሞ የጎጀብ ወንዝ አለ። ከቦንጋ በኋላ መንገዱ በከፋ ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ቤንች ምድር ይገባል። ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን የምትባለው ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዚያ አንደኛው መንገድ ወደ በበቃ የቡና እርሻ፣ ሌላው ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ቴፒ ይወስዳል። ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ በበቃና ቴፒ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛሉ።

ጊቤና ጎጀብ ከኦሞ ጋር ሆነው ወደ ቱርካና ሐይቅ ይፈስሳሉ። በሚዛን አካባቢ የሚወርደው የጋጨብ ወንዝ ግን ፊቱን አዙሮ ወደ ነጭ ዓባይ ተፋሰስ ይሄዳል። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። ዝናቡ የበዛ፣ ደኑ የጠቆረ፣ ምንጩ የማይነጥፍ አገር በመሆኑ ከከተማ የሄደ ሰው ውኃው ሁሉ ንጹሕ፣ ነፋሱ ሁሉ ጤና ይመስለዋል። ነገር ግን ጥሩ የሚታይ ውኃ ሁሉ የሚጠጣ ውኃ አይደለም።

ጥላውና ምግቡ

ከወንዝ ዳር ያለ ምግብ ቤት ሁለት ነገር ይሸጥልዎታል። አንደኛው ጥላው፣ ነፋሱና የውኃው ድምፅ ነው። ሁለተኛው ምግቡ ነው። የመጀመሪያው ለዓይንና ለመንፈስ ጥሩ ነው፤ ሲመለሱ ግን እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው ከልጅዎ ጋር ወደ ቤት ይመጣል። ስለዚህ ምርጫው መደረግ ያለበት በሁለተኛው ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ የቻዎ ፍራያ ወንዝ ዳርና ዳር በምግብ ቤቶች የተሞላ ነው። ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ መብራቱንና ጀልባውን አይቶ ይቀመጣል፤ ከሂሳቡም ውስጥ ከፊሉ የወንዙ ዋጋ ነው። በዚያችው ከተማ ግን ከመንገድ ዳር በከሰል እሳት ላይ የምታበስል አንዲት ሴት ወይዘሮ፣ ጄይ ፋይ በሚል ስም የምትታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በታወቀው የሚሽለን የምግብ ቤቶች መምሪያ የአንድ ኮከብ ክብር አግኝታለች። ክብሩ የተሰጠው ለምንጣፍና ለመብራት አልነበረም፤ በእንግዳው ፊት በብርቱ እሳት ለሚበስለው ምግብ ነው። ለእኛም ትምህርቱ ይኸው ነው። ወንበሩ ያረጀ፣ ጣሪያው የሣር ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ከምድጃው ዘንድ ነው።

ውኃ፣ እሳትና እጅ

ከመቀመጥዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ብቻ ቢመለከቱ አብዛኛውን ችግር ያስቀራሉ። እነርሱም ውኃ፣ እሳትና እጅ ናቸው።

ስለ ውኃው ጥያቄው አጭር ነው። «የምታበስሉበትና ሰሐን የምታጥቡበት ውኃ ከየት ነው?» ይበሉ። ከቧንቧ ወይም ከተጠበቀ ጉድጓድ ከሆነ ደግ ነው። በባልዲ ከወንዙ የሚቀዳ ከሆነ ግን ምግቡ ቢበስልም እንኳ ሰሐኑ፣ ብርጭቆውና ሰላጣው ያልፈላ ውኃ ነክቷቸዋል ማለት ነው። ከላይ በኩል ሰው ይታጠባል፣ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል። የምግብ ቤቱ መጸዳጃ ከወንዙ ምን ያህል እንደሚርቅም ማየት ተገቢ ነው።

በቡና አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በለቀማ ወራት፣ በተለይም በጥቅምትና በኅዳር፣ የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች ብዙ ውኃ ይጠቀማሉ። ከቀዩ ፍሬ የሚገፈፈው ሥጋና ከፍሬው የሚታጠበው ሙጫ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ውኃው ውስጥ ይበሰብሳል። ሲበሰብስም በውኃው ያለውን አየር ይጨርሳል፤ ዓሣውና ሌላው ሕይወት ይጎዳል፤ ውኃውም ይጠቁራል፣ ይሸታል። በእነዚህ ወራት ከማጠቢያ ጣቢያ በታች ያለ ወንዝ ለመታጠብም አይመረጥም። ውኃው የጠቆረ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ያለው ከሆነ ሌላ ሥፍራ መፈለግ ይሻላል።

ሁለተኛው እሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ለማንኛውም ማድ ቤት የሚሆኑ አምስት መመሪያዎችን አውጥቷል፤ ይኸውም ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ ምግብን በሚገባ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየትና ንጹሕ ውኃና ግብዓት መጠቀም ናቸው። በሚገባ የበሰለ ማለት መካከሉ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ነው። የበሰለ ምግብ በእሳት ላይ እየሞቀ ወይም በማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ በቀር ከሁለት ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባም። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት አገር ናት፤ በአዲስ አበባ ብርድ እስከ ማታ የሚቆየው ወጥ በዚያ ከቀትር በኋላ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ «ምን አላችሁ?» ከማለት «አሁን በእሳት ላይ ያለው ምንድን ነው?» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛው እጅ ነው። የእጅ መታጠቢያው ውኃና ሳሙና አለው? ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋ ሳይታጠብ ቲማቲም ይቆረጥበታል? ገንዘብ የተቀበለው እጅ እንጀራ ያነሣል? ሰው የበዛበት ቤት ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው፤ ምግቡ ቶሎ ስለሚያልቅ አይከርምም። የመኪና ነጂዎችና የአገሩ ሠራተኞች የሚበሉበትን ቤት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ምን ይታዘዝ?

ከእሳት እየፈላ የሚመጣ ምግብ ከሁሉ ይበልጣል። ተጋቢኖ ሽሮ በሸክላው እየተንተከተከ ስለሚቀርብ ለጾሙም ለኪሱም ይስማማል። በደንብ የበሰለ ምስር፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ የተቀቀለ እንቁላልም እንዲሁ። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ግን ለጉዞ የሚሆኑ አይደሉም። የኮሶ ትል ከከብት ሥጋ እንደሚገኝ እያንዳንዱ ቤተሰብ ያውቃል፤ በማያውቁት ሥፍራ የታረደን ሥጋ ጥሬውን መብላት ይህንኑ መጋበዝ ነው።

የአገሩን ምግብ ሳይቀምሱ መመለስም ጉዳት ነው። በከፋ፣ በሸካና በቤንች ቆጮ፣ ጎደሬና ቦዬ ይበላሉ። ጎደሬ በሚገባ ካልበሰለ አፍንና ጉሮሮን ያሳክካል፤ በደንብ ሲቀቀል ግን ለልጆችም የሚስማማ ነው። ከቡና ቅጠል ከቅመም ጋር ተፈልቶ የሚጠጣው ጨሞም በእሳት የፈላ በመሆኑ ከቀዝቃዛ መጠጥ ይልቅ ያስተማምናል፤ ቅመሙ የሚያቃጥል ሊሆን ስለሚችል ግን ለሕፃናት አይሰጥም። ኮረሪማውን፣ እርዱንና ዝንጅብሉን ከገበያ ገዝቶ ወደ ቤት መውሰድም የጉዞው አንዱ ጥቅም ነው።

ዓሣ ሲያዝዙ ከአጠገብዎ ካለው ወንዝ የወጣ ነው ብለው አይገምቱ፤ በመኪና ተጭኖ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሳይጠበስ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲነካ ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ አዲስ ነው። ዓይኑ የፈዘዘና የሸተተ ከሆነ በበርበሬና በሎሚ ቢሸፈንም አይጠቅምም።

ሙዝ፣ ማንጎና አናናስ በዚያ አገር የሚያስጎመጁ ናቸው። እርስዎ ራስዎ አጥበው የሚልጡት ፍሬ አያሠጋም፤ ተቆርጦ ዝንብ የከበበው ወይም ባልታወቀ ውኃና በረዶ የተጨመቀው ግን ያሠጋል። ቡናው በጀበና ስለሚፈላ ከአቦል እስከ በረካ ያለ ሥጋት ይጠጡ፤ ስኒው ብቻ በንጹሕ ውኃ መታጠቡን ያስተውሉ።

ሕፃናት ካሉ

በወንዝ ዳር ትልቁ አደጋ ከሰሐኑ ውስጥ ላይሆን ይችላል። ልጅ ከውኃ ዳር ለጥቂት ደቂቃ ዓይን ሲነሣበት የሚሆነውን ማንም እናት ታውቃለች። ወንበር ሲመርጡ ከውኃው ራቅ ያለውን ይያዙ፤ ማን የትኛውን ልጅ እንደሚጠብቅ ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩ። «ሁላችንም እናያለን» ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አያይም ማለት ነው። በዚህ አገር ዝናቡ ረጅም ወራት ስለሚቆይ፣ እናንተ ዘንድ ፀሐይ እያለ ከላይ ከተራራው የወረደ ደራሽ ውኃ ድንገት ሊመጣ ይችላል። የወንዙ ውኃ ሲደፈርስ ወይም ድምፁ ሲለወጥ ወዲያው ልጆችን ይዞ ወደ ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል። ጉዟችሁ እስከ ጋምቤላ የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ በባሮ ወንዝ አዞ መኖሩን አትዘንጉ።

የደኑ ማር መልካም ስም አለው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጠብታም ቢሆን አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ዓይነት ተሕዋሲ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ስለሚፈጥር ነው። ለሚጠባ ሕፃን ከእናቱ ጡት የሚበልጥ የመንገድ ስንቅ የለም። ለሌሎቹ ልጆች በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና የፈላ ውኃ መያዝ፣ ምግብ ቤቱ የማያስተማምን ሲሆን ሳይጨነቁ ለማለፍ ነፃነት ይሰጣል። ስንቅ ያለው ቤተሰብ ብቻ ነው በእውነት መምረጥ የሚችለው።

ተቅማጥ ከጀመረ ሳይዘገዩ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ማጠጣት ያስፈልጋል። ፓኬቱ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት መስጠት ይቻላል። ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ካልጠጣ፣ ከደከመ ወይም ደም ከታየ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

ጀምበር ስትጠልቅ

ከወንዝ ዳር ለመብላት ምሳ ከእራት ይሻላል። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና። በኢትዮጵያ ወባ በተለይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ሥፍራዎች ይገኛል፤ ሚዛንም ቴፒም ከዚህ በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ማታ ከተቀመጡ እጅና እግርን የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ሲተኙ አጎበር ያለበትን አልጋ ይጠይቁ። እርጉዝ ሴት ከሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባት፤ ወባ በእርሷም በፅንሱም ላይ ስለሚበረታ ነው።

በቀንም ቢሆን በፍጥነት ከሚፈስሱ ወንዞች ዳር የምትናከስ ጥቁር ዝንብ አለች። ይህች ዝንብ ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለውን፣ ቆዳን የሚያሳክክና ለዓይነ ሥውርነት የሚያደርስ በሽታ ታስተላልፋለች። ከፋና ሸካ እ.ኤ.አ. በ2001 መድኃኒቱን ለኅብረተሰቡ በጅምላ ማደል በኢትዮጵያ የተጀመረባቸው ሥፍራዎች ናቸው። በሽታው የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ለረጅም ዘመን በተደጋጋሚ የተነከሰውን ነዋሪ ስለሆነ ለአንድ ቀን እንግዳ ብዙ አያሠጋም፤ ሆኖም ወንዙ ለእንግዳው መዝናኛ ሲሆን ለነዋሪው ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ማወቅ ተገቢ ነው።

ስለ ሂሳቡ

ደመወዝተኛ ቤተሰብ በሂሳብ መጠየቅ ሊያፍር አይገባም። ከማዘዝዎ በፊት የእያንዳንዱን ዋጋ ይጠይቁ። ዓሣው በሰሐን ነው ወይስ በኪሎ? የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ በዋጋው ውስጥ ገብቷል? ለመቀመጫው ለብቻው ይከፈላል? ስድስት ሰዎች ስድስት ሰሐን ማዘዝ የለባቸውም፤ ሦስት ዓይነት አዝዞ በአንድ ትሪ ላይ መብላት ባህላችንም ቁጠባም ነው። ነጂው ጠጅም ሆነ ቢራ እንዳይጠጣ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ነው። ከጅማ ወዲያ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ጭጋግና ዝናብም አይለየውም።

የምታበስለውን ሴት አትርሱ

ይህን ሁሉ ስንል ማድ ቤት ገብቶ መቆጣትን አንመክርም። ከወንዝ ዳር ያለውን ምድጃ የምታነድደው ብዙ ጊዜ እንደ እርስዎ እናት የሆነች ሴት ናት። ከንጋት በፊት ተነሥታ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትሸከመው፣ በጢስ ውስጥ የምትውለው እርሷ ናት። «እህቴ፣ ውኃውን አፍልተሽው ነው?» ብሎ በፈገግታ መጠየቅና «ይህ ምን ያህል ቆሻሻ ነው!» ብሎ ማንቋሸሽ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጥያቄ ነገ የሚመጣውንም እንግዳ ይጠቅማል፤ እንግዶች ሁሉ የፈላ ውኃና ሳሙና ሲጠይቁ ባለቤቱም ያቀርባል። ጥሩ አድርጋ ካበሰለች ምስጋናውን ለእርሷ ይንገሩ፤ ጉርሻም ካለዎት እስከ ማድ ቤቱ ይድረስ።

ከተመለሱ በኋላ

ጉዞው ቤት ሲገቡ አያልቅም። ወባ ከተነከሱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ከወራት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። የታይፎይድ በሽታም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሽርሽሩ ተረስቷል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ትኩሳቱ እንደ ጉንፋን ይቆጠራል። በአዲስ አበባ ለሚመረምር ሐኪምም የመጀመሪያው ሐሳብ ወባ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንዱ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ከጀመረው በራስ ፈቃድ መድኃኒት ሳይገዛ በዚያው ቀን ወደ ጤና ድርጅት ሄዶ ደሙን ይመርመር። ለሐኪሙም በመጀመሪያ የሚነገረው ቃል «ከቴፒ ነው የተመለስነው፤ በዚህ ቀን ነበርን» የሚል ይሁን። ይህች አጭር ቃል የልጅን ሕይወት ልታድን ትችላለች።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ምሽት በቤተሰብ ተቀምጣችሁ ምሳው የት እንደሚበላ፣ ስንቁ ምን እንደሆነ፣ ልጆቹን ማን እንደሚጠብቅ ተመካከሩ። የመንገዱን ሁኔታም ከዚያ ለሚኖር ዘመድ ደውላችሁ ጠይቁ። ይህ ከተደረገ ከጎጀብም ሆነ ከጋጨብ ዳር ተቀምጦ የፈላ ሽሮ መብላት፣ በላዩም የአገሩን ቡና መጠጣት እጅግ ደስ የሚል ነገር ነው። መልካም ጉዞ።